ከመዋጮ ደብተር የወጡ ሰዎች

ኅዳር 2017

ሥራው ይኼ ነው፦ እድራችን ከተመሠረተ ጀምሮ የሞቱ እድርተኞችን በአንድ መጽሐፍ ማስቀመጥ። ማን እንደነበሩ፣ በምን ይተዳደሩ እንደነበር፣ በምን እንደምናስታውሳቸው።

ነገሩ የመጣው ከሰፈር መነሳት ጋር ነው። ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲነሳ ሰዉ ተበታተነ። ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ገሚሱ ቦሌ አራብሳ፣ አንዳንዱም ልጆቹ ጋ ተጠጋ። እድሩ ግን አልፈረሰም። ለቅሶ ሲሆን አሁንም እንገናኛለን፤ የታክሲ መቀያየሩ ነው የበዛው። ድንኳኑ ገላን ጉራ ሄዷል። ጎላ ድስቶቹ የአንድ እድርተኛ ግቢ ውስጥ ተደርድረዋል። በጉባኤው ላይ ቦታ ያጣው የብረት ሳጥኑ ብቻ ነበር፤ ደብተሮቹ ያሉበት። «ማን ያነበዋል፣ ይቃጠል» ያለም አልጠፋ። አንዲት እናት ብድግ ብለው «የባሌ ፊርማ እዚያ ውስጥ ነው፤ እስቲ የሚያቃጥለውን ልየው!» አሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ።

ሦስት ሰው ተመረጠ። ጸሐፊያችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የእጅ ጽሑፍ በማንበብ የሚያህላቸው የለም። አንዱ የሰፈር ልጅ ፎቶ ቤት ይሠራል። እኔ ደግሞ «ኮምፒውተር ትችላለች» ተብዬ ነው። አባቴ ሲሞት ቁጥሩን የወረስኩ እድርተኛ ነኝ።

ሳጥኑ ተከፈተ። ከላይ ደረሰኝ፣ ከሥር ደብተር። የመጀመሪያው ደብተር ከ1949 ይጀምራል። ሽፋኑ ካርቶን ነው፤ ጀርባው በጨርቅ ተለብዷል። ቀለሙ ሐምራዊ ነው። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ መዋጮ፣ ቅጣት፣ ምርመራ። የያኔው ጸሐፊ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ መሆናቸው ከአጣጣላቸው ያስታውቃል። ከ1980ዎቹ ወዲህ ያለው ግን በእስክርቢቶ የተሞነጫጨረ ነው፤ መምህሩም አንዳንዱን ይዘው መስኮት ጋ ይሄዳሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ማስታወሻ ላይ የሰዎቹን ስም አላወጣም። ቤተሰብ የፈቀደው ለመጽሐፉ ነው።

ታኅሣሥ

ለቤተሰቦች «በቀብር ዕለት የተነበበ የሕይወት ታሪክ ካላችሁ አምጡልን» ብለን ነበር። መጣልን፤ በፌስታል፣ በፖስታ፣ በቴሌግራም። አከታትዬ ሳነበው ግን ሁሉም አንድ ሰው ሆኑብኝ። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው አጠራር በሸዋ ክፍለ ሀገር ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ... ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ቂም የማያውቁ... ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው...» ስሙን በእጅ ሸፍኖ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም።

አልፈርድም። ይህ ወረቀት የሚጻፈው ሌሊት ነው። ድንኳን እየተተከለ፣ ዘመድ እየተጠራ፣ ጽሑፍ ይችላል የተባለ የእህት ልጅ ጥግ ይዞ ይጽፈዋል። ያን ሰዓት የተዘጋጀ ፎርም ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ለመጽሐፍ ግን አይሆንም።

ስለዚህ «እንዴት ያለ ሰው ነበሩ?» የሚለውን ጥያቄ ከለከልን። መልሱ ይታወቃል፤ ደግ ነበሩ። በምትኩ እንዲህ እንጠይቃለን። ጠዋት ሲነሱ መጀመሪያ ምን ያደርጉ ነበር? ምን ሲሆን ይቆጡ ነበር? ገንዘብ ሲያጥራቸውስ? የመጨረሻዋ የመምህሩ ናት፤ ብዙ ወሬ የምታወጣውም እሷ ናት።

አንዷ ልጅ አባቷን «ቂም የማያውቁ» ብላ አስነብባ ነበር። ምን ሲሆን ይቆጡ ነበር ስላት ሳቀች። የጀርመን ድምፅ ሬዲዮ ሲያዳምጡ የተነፈሰ ልጅ ወየውለት። በደርግ ጊዜ የሚያዳምጡት ብርድ ልብስ ተከናንበው ነው፤ ጎረቤት እንዳይሰማ። ፕሮግራሙ ሲያበቃ ላብ በላብ ሆነው ይወጡና ምንም እንዳልሰማ ሰው እራት ይጠይቃሉ። ይህን ጻፍን። ቂሙን ተውነው።

አንድ ልብስ ሰፊ ደግሞ ገንዘብ ሲያጥራቸው ሲንጀር የስፌት መኪናቸውን መያዣ አድርገው ይበደሩ ነበር። ሲንጀሩ ግን ከቤታቸው ወጥቶ አያውቅም። አበዳሪውም ልብሳቸውን የሚያሰፉት እዚያው ነዋ።

ጥር

መምህሩ ከሁሉ የሚወዱት ዓምድ ቅጣት የሚለውን ነው። «የመጣ ሰውማ ጭረት ነው የሚደረግለት። የቀረ ግን ይጻፍለታል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

አንድ የአንበሳ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ደብተሮች ስማቸው ባለበት ሁሉ «ቀብር ቀሪ» ይላል። ገጽ ስትገልጡ ቀሪ። ሌላ ስትገልጡ ቀሪ። ቅጣቱን ግን አንድም ጊዜ አላሳደሩም፤ በየወሩ ከፍለው ፈርመዋል። ልጃቸውን ሳገኘው «አባዬ እድር ብዙም አይወድም ነበር መሰለኝ» አለኝ።

የቀድሞው ዳኛችን የነገሩን ሌላ ነው። ቀብር ብዙውን ጊዜ ቀን ነው፤ እኚህ ሰው ያን ሰዓት መሪ ላይ ናቸው። ማታ ሥራ ሲጨርሱ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ድንኳን ይገባሉ። ሌሊቱን ሙሉ ከሐዘንተኛ ጋር ያድራሉ። ተረኛው ልጁ ታሞበት ከሆነ «አንተ ሂድ፣ እኔ አለሁ» ይላሉ። ካርታ ሲጫወቱ ያጭበረብሩ እንደነበርም ዳኛው ሳይነግሩን አላለፉም። ሲነጋ ከድንኳኑ በቀጥታ ወደ ሥራ።

ችግሩ ደንባችን ማደርን አይመዘግብም፤ ቀብርን ብቻ ነው። ሥራ ላይ የነበረ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ካመጣ ቅጣቱ እንዲነሳለት በኋላ ተወስኗል፤ ቃለ ጉባኤው አለ። እሳቸው ደብዳቤ አላመጡም። ዳኛው ለምን ቢሏቸው «ብሩ ለሐዘንተኛ አይደል እንዴ የሚሄደው?» ብለው መለሱ።

ሁለት ገጽ ሰጠናቸው። በአንዱ የቅጣት ገጹ ፎቶ፣ በሌላው የዳኛው ቃል። ልጃቸው ረቂቁን አንብቦ ምንም አላለም። በማግስቱ የአባቱን የሥራ መታወቂያ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ።

የካቲት

የ1970ን ደብተር መምህሩ ቤታቸው ወስደውት ነበር። ሲመልሱት አንድ ገጽ ላይ ምልክት አስገብተውበታል። «ለድንኳን ጥገና» ይላል፤ ከጎኑ የብሩ መጠን። ጥቂት መስመር ወረድ ብሎ እንደገና «ለድንኳን ጥገና»። ቀጣዩም ገጽ ላይ አለ። ያን ዓመት ድንኳናችን ሲቀደድ ነው የከረመው ማለት ነው። ነገር ግን ሳጥኑ ውስጥ የድንኳኑ የግዢ ደረሰኝ አለ፤ 1968 ይላል። አዲስ ነበር። የጥገናው ብር ደግሞ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። እድሩ ያኔ ለሐዘንተኛ ከሚከፍለው ጋር እኩል።

ቀይ ሽብር ነው። ልጁ የተገደለበት ሰው እንዳያለቅስ፣ ድንኳን እንዳይተክል የሚከለከልበት ጊዜ ነበር። አስከሬን ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ ቤተሰቦች አሉ። ስለዚህ ጥሩምባ አይነፋም። ሰዓት እላፊ ስላለም ማታ ሄዶ ማጽናናት የለም። እድሩ ለቅሶውን መድረስ አልቻለም፤ ገንዘቡን ግን አደረሰ። ያደረሱት የያኔው ገንዘብ ያዥ ባለቤት ናቸው። እንጀራ የሚያበድሩ ጎረቤት መስለው፣ ብሩን ሰፌድ ላይ ከእንጀራው ሥር አድርገው። ደብተሩን ቀበሌ ቢያገላብጠው የሚያገኘው ነገር የለም። ድንኳን ተጠግኗል፣ በቃ።

ልጆቹ እድርተኛ አልነበሩም፤ የእድርተኛ ልጆች ናቸው። «የሞቱ እድርተኞች» ባልነው መሠረት መጽሐፉ ውስጥ አይገቡም። እንዲገቡ ወሰንን፤ በዚህ ላይ ሦስታችንም አልተከራከርንም። የማን ልጅ እንደሆነ ደብተሩ አይልም። ያገኘነው በቃል ከሚያስታውሱት ነው። አንዷ እህት «ስሙን በትልቁ ጻፉልኝ» አለች። ሌላ ቤተሰብ «ተዉት፣ አትቀስቅሱብን» አለ። የእነሱን ተውን። የሌሎቹ ገብቷል፣ ከደብተሩ ገጽ ፎቶ ጋር።

መጋቢት

መዝገቡ ላይ ሴት ፈልጉ ብትባሉ ትደክማላችሁ። ባል ካልሞተባቸው በቀር በስማቸው አይመዘገቡም። «የአቶ እገሌ ባለቤት ዐረፉ» ይላል፤ አለቀ። እነሱ ባይኖሩ ግን በዚያ ሰፈር አንድም ለቅሶ በወጉ አይወጣም ነበር። ንፍሮውን የሚቀቅለው ማን ነው? ያን ሁሉ ሰው የሚያበላው? ከሦስት ቀን በኋላ ሰሃኑን አጥቦ ቆጥሮ የሚመልሰው?

ገላን ጉራ ሄድን፤ እናቶቹ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ስልኬን ረከቦቱ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ቀዳሁ። ቅጂው ላይ ከወሬው እኩል የሲኒ መንኳኳት ይሰማል። እናቶችን አንድ ላይ ማስቀመጥ ጥሩ ዘዴ ነው፤ አንዷ የረሱትን ሌላዋ ያነሳሉ። ደግሞም ይተራረማሉ። «ኧረ አንቺ፣ እሱ ያኔ መች አገባና?»

የወሬው ሁሉ መጨረሻ አንዲት ሴትዮ ላይ ነው። የዕቃ ቤታችንን ቁልፍ ለብዙ ዓመት የያዙ እናት ነበሩ፤ ካረፉ ቆይተዋል። መዝገቡ ላይ «ባለቤት» ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ዕቃ ሲያበድሩና ሲቀበሉ ግን አንዲት ማንኪያ ጠፍታባቸው አታውቅም። እንዴት? ብዬ ጠየቅሁ። አንዷ እናት ተነስተው ከጓዳ የልጅ ደብተር ይዘው መጡ። ከቤት ዕቃቸው ጋር ከካዛንቺስ ጭነውት የመጡ ነው።

እስካሁን ካየሁት ሁሉ እንደዚህ ደብተር ያስደነቀኝ የለም። ክብ ማለት ሰሃን ነው። ጭረት ማንኪያ። ጆሮ ያላት ክብ ኩባያ። የተሰበረው ላይ በእርሳስ ድርብ ሰረዝ አለ። ተበዳሪው ደግሞ በሥዕል ነው የሚታወቀው። ፖሊሱ ኮፍያ፣ ልብስ ሰፊው መቀስ፣ ቄሱ መስቀል። አንዱ ገጽ ላይ መሪ አየሁ። አውቶቡስ ነጂው ናቸው! ለልጃቸው ሠርግ ሰሃን ተበድረው ሁሉንም መልሰዋል፤ ከሁለት በስተቀር። ከሁለቱ ክቦች አጠገብ ጠቆር ያለ ነጥብ አለ። ምን ማለት እንደሆነ እናቶቹም አያውቁም። ከፍለዋል ማለት ይሆናል ብለው ገመቱ።

ድስቶቹም ምልክት አላቸው። እድራችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት ነው። ለሙስሊም ቤት ለቅሶ የሚሆኑት ድስቶች ለብቻቸው ናቸው፤ ጆሯቸው አረንጓዴ ተቀብቷል። የቀቧቸው እሳቸው ናቸው። አንድ ሙስሊም እድርተኛ «እሳቸው ቁልፉን እስከያዙ ድረስ ሳልጠይቅ ነበር የምበላው» አሉኝ። ይህን ቃል በገጻቸው አናት ላይ አድርገነዋል።

ሰፈሩ የሚጠራቸው በቅጽል ስም ነበር። ሙሉ ስማቸውን ያገኘነው ዱባይ ካለች የልጅ ልጃቸው ነው፤ በድምፅ መልእክት፣ እያለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የደንቡን ነገር ጨረስነው፤ መጽሐፉ ውስጥ «ባለቤት» የሚባል ሰው የለም። ስሙ ካልተገኘ ፍለጋው ይቀጥላል።

በዚሁ ወር

ዘመን ማስተካከል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የዱሮ ሰው የልደት ቀን የለውም። የሚያስታውሰው ያን ጊዜ የሆነውን ነው። «ጣሊያን ሲገባ ታዝዬ ነበር» ካሉ 1928 ዙሪያ ነው። «የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ አርግዣት ነበር» ከተባለ 1953። አንዲት እናት የአፍሪካ አዳራሽ ሲሠራ ባላቸው ሲሚንቶ ይሸከሙ እንደነበር ነገሩን። የተጋቡት አዳራሹ በተመረቀበት ሰሞን ነው፤ ያም ጥር 1953 ነው። የሠርግ ወር ስለሆነ ገጠመ። ሌላዋ የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱት አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ያሸነፈ ለት ነው። «በነጋታው እንቁጣጣሽ ነበር፤ አበባ አየሽ ሲሉ አራስ ቤት ሆኜ ሰማኋቸው» አሉ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ ልክ ናቸው። እኔ መጽሐፍ ገልጬ ነው ያረጋገጥኩት፤ እሳቸው ቡና እየቀዱ።

የሚያስቸግሩት ልጆቹ ናቸው። ዋሽንግተን ያለው በፈረንጅ ይልካል፣ እዚህ ያለው በእኛ። የፈረንጅ ዓመት ከተጻፈ፣ ነገሩ የሆነው ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ ከሆነ ሰባት ዓመት ነው የሚቀነሰው፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ስምንት። ወሩን ካላወቅን «ገደማ» እንላለን። ፓስፖርት ላይ ያለውን ዕድሜ እንደ ማስረጃ መውሰድም አቁመናል። ምክንያቱን አንባቢ ያውቀዋል።

ሚያዝያ

የኮምፒውተሩ ወር። ባጭሩ።

በ1990ዎቹ አንድ ትጉህ ጸሐፊ የአባላቱን ዝርዝር በኮምፒውተር አስጽፈው ነበር። ፋይሉ ሲከፈት የፈረንጅ ፊደልና ነጥብ ተቀላቅሎ ይመጣል። የተጻፈው ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ነው፤ ፎንቱ ከሌለ አይነበብም። ፎቶ ቤት ያለው ልጅ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱን አገኘና ተነበበ። ከዚያ እንደገና ተየብነው። የታተመ አማርኛን ስካን አድርገው ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለእኛ የእጅ ጽሑፍ ግን አልረዱንም። መምህሩ ይሻላሉ።

ስም ፍለጋም አለ። አንዱ ደብተር «ኃይለ» ይላል፣ ሌላው «ሐይለ»፣ ሦስተኛው «ሀይለ»። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው የሚለው። ለፍለጋ ብቻ የሚሆን አንድ ዓምድ ጨምረን ሁሉንም ወደ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ አመጣናቸው። መጽሐፉ ላይ ግን ሰውየው በፈረሙበት ፊደል ነው የሚጻፈው።

ፎቶ። ግድግዳ ላይ የኖረ ፎቶ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ከፍሬሙ እንዳታላቅቁት። እኛ ከነመስታወቱ ነው የምናነሳው። በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ ከካሜራው ኋላ ጥቁር ነጠላ ዘርግተን፤ የሐዘን ነጠላ ነው፣ በየቤቱ አይጠፋም። ነጸብራቁን ያጠፋዋል። የፎቶውን ጀርባ ማየት ከተቻለ ማየት ነው። ፎቶ ቤቱ ማኅተም ይመታበት ነበር፤ ባለቤቱም «ለማስታወሻ ይሁንሽ» ብሎ ቀን ይጽፍበታል።

ልጁ አንዳንዱን ፎቶ በስልክ መተግበሪያ ቀለም ሊቀባው ፈልጎ ነበር። አልፈቀድንም። አንድ እናት ከንፈራቸው ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ልጃቸው ብታየው ትገድለን ነበር።

ግንቦት

ረቂቁ ለቤተሰቦች ተላከ። ጭቅጭቅ ይጠበቃል፣ መጣም።

አንድ ቤተሰብ አባታቸው ጠጅ ቤት ያዘወትሩ እንደነበር የሚለው እንዲወጣ ጠየቀ። እኛ ያስገባነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰውየው ጥሩምባ ነፊያችን ነበሩ። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው በየመንደሩ «እድርተኞች!» እያሉ የሚጠሩ። ከጠጅ ቤት ማታ ስንት ሰዓት ቢወጡ ጥሩምባው አርፍዶ አያውቅም፤ ሰፈሩ የሚያወራላቸው ይህንን ነው። ጠጁ ከወጣ ወሬው ይሞታል። ታላቅ ልጃቸውን ዳኛው አነጋገሩት፤ ሽማግሌ መላክ ማለት ነው እንግዲህ። «ጠጅ ቤት» ወጥቶ «ማታ አምሽተው ቢገቡም» ተባለ። የሰፈሩ ሰው ይገባዋል። እኔ አሁንም ጠጁ ቢኖር ይሻል ነበር እላለሁ።

ሌላ ቤት ደግሞ ሁለት ሚስት አለ፤ በሁለት ሰፈር። ሁለቱም ወገን ረቂቁን ጠየቀ። ልጆቹን በሙሉ በዕድሜ ተራ ጻፍን፣ ከማን እንደተወለዱ ሳንል። ሁለቱም ወገን ትንሽ ትንሽ ቅር ብሎታል።

የገጽ ቅደም ተከተሉም አከራክሯል። መምህሩ በሀሁ ተራ ይሁን አሉ፣ ለመፈለግ እንዲመች። አንድ ሁለት ሰው ዳኞቹ ይቅደሙ አለ። መጨረሻ በሞቱበት ቀን ተራ ሆነ፤ ደብተሩም የያዛቸው እንደዚያ ነው። ዳኛና ዘበኛ አንድ ገጽ ላይ ፊትና ኋላ ይወድቃሉ። የስም ማውጫው በሀሁ ከኋላ ገባ፤ መምህሩም ታረቁ።

ሰኔ

ማተሚያ ቤት። የወረቀት ዋጋ አይነሳ። የገጹ ብዛት በ16 እንዲካፈል ተነገረን፤ አለበለዚያ ባዶ ወረቀት ከፍለን መግዛታችን ነው። ትርፍ ገጾች ነበሩን፤ የዕቃ ቤቷን እናት ደብተር ሦስት ገጽ በሙሉ መጠኑ አስገባንበት። ሥዕሎቹ ሲተልቁ ይበልጥ ያምራሉ።

ወጪውን እድሩ ግማሽ፣ ውጭ አገር ያሉ ልጆች ግማሽ ቻሉት። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቅጂ በነፃ፤ ተጨማሪ የፈለገ ይገዛል።

የቀረው ሒሳቡን መዝጋት ነበር። ገንዘብ ያዣችን ደብተራቸውን ከፍተው ወጪውን በየትኛው አርእስት እንደሚጽፉት ጠየቁ። ያሉት አርእስቶች ቀብር፣ ዕቃ ግዢ፣ ጥገና እና ልዩ ልዩ ናቸው። አንዱ ቀብር ይሁን አለ። መጽሐፍ ንብረት ስለሆነ ዕቃ ግዢ ነው ያለም ነበር። መምህሩ ፈገግ ብለው «ለድንኳን ጥገና በሉት» አሉ። የ1970ውን የሚያውቁት ሳቁ፤ ገንዘብ ያዡ ግን ወጣት ናቸው፣ ኦዲተር አለብኝ ብለው «ልዩ ልዩ» ላይ ጻፉት። ደረሰኙን አያይዣለሁ።